ጆን ሚዩርና የንባብ መጽሐፉ

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ

በልጅነት የተማሩት ነገር በድንጋይ ላይ እንደ ተቀረጸ ጽሕፈት አይፋቅም ይባላል። ይህ አነጋገር እውነት መሆኑን ለማስረዳት ከብዙ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ ምስክር መጥራት ይቻላል። እኔ ግን ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ስለ አንድ ሰው ብቻ ለመጻፍ መርጫለሁ። የመረጥሁበትም ምክንያት ይህ ሰው የሕይወቱን መንገድ ያገኘው በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወይም በባለጸጋ ቤት ሳይሆን፥ እንደ እኛው በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ባነበበው ተራ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ በመሆኑ ነው። ስሙ ጆን ሚዩር ይባላል። በአሜሪካ አገር ደንና ተራራ እንዲጠበቅ ከታገሉት ሰዎች መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

ጆን ሚዩር በስኮትላንድ አገር በባሕር ዳር በምትገኘው በደንባር ከተማ ኤፕሪል 21 ቀን 1838 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ዳንኤል ሚዩር የእህል ነጋዴ ነበር፤ እናቱም አን ጊልራይ ትባል ነበር። ለወላጆቹ ከተወለዱት ስምንት ልጆች ጆን ሦስተኛው ሲሆን ከወንዶቹ ግን የመጀመሪያው ነው። አባትየው ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ፥ በልጆቹም ላይ እጅግ ጥብቅ የሆነ ሰው ነበር። የእናቱ አባት ግን የልጅ ልጃቸውን እጁን ይዘው በከተማው የሚያዘዋውሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ በመንገድ ዳር ባሉት ሱቆች ላይ የተጻፉትን ፊደላት እያሳዩም ያስቆጥሩት ነበር። ስለዚህ ጆን ሦስት ዓመት ሳይሞላው ትምህርት ቤት ሲገባ ፊደል የለየ ልጅ ነበር።

በዚያን ዘመን በስኮትላንድ ትምህርትና አለንጋ የማይለያዩ ነበሩ። ጆን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ተዛውሮ ላቲን፥ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ይማር ጀመር። ትምህርቱን በቃሉ ያልያዘ ተማሪ ይገረፋል፤ በመንገድ ላይ የተደባደበም ይገረፋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስም ሌላ ትምህርት በቤት ይጠብቀው ነበር። ይኸውም አባቱ በየቀኑ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰነ ክፍል በቃሉ እንዲያጠና ያዘው ስለ ነበር ነው። በዚህ ሁኔታ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ሐዲስ ኪዳንን በሙሉ፥ ከብሉይ ኪዳንም ሦስት አራተኛ ያህሉን በቃሉ ያውቅ ነበር። ከአያቶቻችን መካከል ዳዊትን በቃላቸው የደገሙ፥ የየኔታንም አለንጋ የቀመሱ ብዙዎች ስለሆኑ፥ የዚህን ልጅ ኑሮ ለመረዳት እኛን አያስቸግረንም።

ነገር ግን በዚያ ሁሉ ግርፊያ መካከል ማንም ሳይገርፈው በልቡ የተቀረጸ አንድ ትምህርት ነበር። በክፍል ውስጥ ከሚያነቧቸው መጻሕፍት አንዱ የልዩ ልዩ ደራስያን ጽሑፍ የተሰበሰበበት የንባብ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አሜሪካ አዕዋፍና ደኖች የሚናገሩ ጥቂት ገጾች ነበሩ። ለመምህሩ እነዚህ ገጾች እንደ ሌሎቹ ሁሉ የንባብ ልምምድ ብቻ ነበሩ፤ ለትንሹ ጆን ግን እንደ ተከፈተ መስኮት ሆኑለት። ሌሎቹን ትምህርቶች ዱላ ፈርቶ ሲያጠና እነዚህን ገጾች ግን ደጋግሞ ያነባቸው የነበረው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ከነዚህ ገጾች አንዱን የጻፈው አሌክሳንደር ዊልሰን ነው። ዊልሰን በ1766 ዓ.ም. በዚያው በስኮትላንድ የተወለደ ድኃ ሸማኔ ሲሆን፥ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የአገሩን አዕዋፍ በእግሩ እየዞረ በማጥናት ስመ ጥር ሆነ። በንባብ መጽሐፉ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ስለ ዓሣ በል ጭልፊትና ስለ ራሰ ነጩ ንስር የሚናገር ነበር። ጭልፊቱ ከሰማይ ተወርውሮ ከውኃ ውስጥ ዓሣ ይዞ ሲወጣ፥ ከሩቅ ሆኖ ሲጠብቅ የነበረው ንስር ያሳድደውና ዓሣውን አስጥሎ ገና በአየር ላይ ሳለ ይቀልበዋል። ይህን ያነበበ ልጅ የባሕር ወፎችን በየቀኑ የሚያይ የደንባር ልጅ ነበርና፥ ነገሩን በዓይኑ የሚያየው ያህል ሆኖ ተሰማው።

ሁለተኛውን ጽሑፍ የጻፈው የአዕዋፍ ሠዓሊ የነበረው ጆን ጄምስ ኦዱቦን ሲሆን፥ ይኸውም ተጓዥ ርግብ ስለምትባለው የአሜሪካ ወፍ የሚተርክ ነው። ርግቦቹ በሚበሩበት ጊዜ ብዛታቸው የፀሐይን ብርሃን ይጋርድ ነበር። በሚያድሩበትና በሚፈለፍሉበት ደን ውስጥም ከክብደታቸው የተነሣ የዛፍ ቅርንጫፍ ይሰበር ነበር። የጽሑፉ መጨረሻ ግን የሚያሳዝን ነው። ገበሬዎች ከሩቅም ከቅርብም ተሰብስበው ርግቦቹን ሌሊት በረጅም ዱላ እየደበደቡ በብዙ ሺህ ይጥሏቸዋል፤ ሲነጋም የተረፈውን እንዲበሉና እንዲሰቡ አሳማዎቻቸውን ይለቁባቸዋል።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ነገር አጥብቆ ያስተውል። በዚያ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ነበር። አንደኛው የፍጥረት ድንቅነት ነው፤ ሁለተኛው የሰው ልጅ አጥፊነት ነው። ጆን ሚዩር በልጅነቱ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ለመረዳት ግን ዕድሜ አስፈልጎታል። የሕይወቱም ታሪክ በአጭሩ ከመጀመሪያው ንባብ ወደ ሁለተኛው የተጓዘበት መንገድ ነው ለማለት ይቻላል።

መጽሐፉን ስላነበበ ብቻ ልጁ ወዲያው ደግ ሆነ ማለት አይደለም። እርሱ ራሱ በሸመገለ ጊዜ እንደ ተረከው፥ እንደ ሌሎቹ የደንባር ልጆች ድመት በድንጋይ ያሳድድ ነበር፤ የወፍ ጎጆ ፍለጋ በየቁጥቋጦው ይዞር ነበር፤ ጠብም ይወድ ነበር። ነገር ግን የዚያ መጽሐፍ ነገር በልቡ ውስጥ እንደ ተዘራ ዘር ተቀምጦ ዝናቡን ይጠብቅ ነበር።

ዝናቡም በፌብሩዋሪ 1849 ዓ.ም. መጣ። አንድ ማታ ጆንና ታናሽ ወንድሙ ዴቪድ በአያታቸው ቤት እሳት ዳር ተቀምጠው ሲያጠኑ አባታቸው ገባና ያን ሌሊት ትምህርታቸውን ማጥናት እንደማያስፈልጋቸው፥ በማግሥቱ ወደ አሜሪካ እንደሚሄዱ ነገራቸው። ጆን ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ይቀረው ነበር። በደስታ ሊያብዱ ደረሱ። በዓይናቸው ላይ የመጣላቸው በንባብ መጽሐፋቸው ያዩት አገር ነበርና፤ ከግንዱ ስኳር የሚወጣው ዛፍ፥ ንስሩ፥ ጭልፊቱና ሰማይ የሚያለብሱት ርግቦች ሁሉ እዚያ ናቸው። አያታቸው ግን በዚያ አገር ከባድ ሥራ እንደሚጠብቃቸው በኀዘን ነገሯቸው። እውነታቸውን ነበር።

አባት ከሦስት ልጆቹ ጋር በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ በዊስኮንሲን ግዛት ጫካ ውስጥ መሬት ያዘ። እናቲቱና የቀሩት ልጆች በዚያው ዓመት በመከር ጊዜ ተከተሏቸው። ወደ አዲሱ መሬታቸው በደረሱበት ቀን ጆንና ዴቪድ ገና ከጋሪው ከመውረዳቸው በአንድ ዛፍ ላይ የሰማያዊ ወፍ ጎጆ አዩና ወዲያው ወጡበት። ጆን ተጓዥ ርግቦቹንም በመጸውና በመከር በዓይኑ አያቸው። ኦዱቦን የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር፤ መንጋው እንደ ወንዝ ከአድማስ እስከ አድማስ ይፈስ ነበር። ዳሩ ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ ጠመንጃውን አንሥቶ ይተኩስባቸው ነበር፤ በየቤቱም የርግብ ሥጋ ይበላ ነበር። ያን ያህል ብዛት ያለው ነገር ያልቃል ብሎ የሚያስብ ማንም አልነበረም።

የአያቱ ትንቢት ደረሰ። ጆን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ማረሻ ጨብጦ ደን የተመነጠረበትን ጉቶ የሞላበት መሬት ያርስ ጀመር። በኋላ ወደ ሌላ እርሻ በተዛወሩ ጊዜም አባቱ ውኃ እንዲያወጣ አዘዘው። ወጣቱ በባልዲ እየወረደ አለቱን በመሮና በመዶሻ እየፈለጠ 90 ጫማ ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ብቻውን ቆፈረ። 80 ጫማ ያህል በደረሰ ጊዜ በጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመው መርዘኛ አየር ጣለውና ለጥቂት ከሞት ተርፎ በባልዲው ተጎትቶ ወጣ። አየሩ ከጸዳ በኋላም ተመልሶ ወርዶ ሥራውን ፈጸመ።

በዚህ ሁሉ ድካም መካከል መጻሕፍትን አልተወም። አባቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር ሌላ መጽሐፍ ማንበቡን አይወድም ነበርና፥ ከጎረቤት ስኮትላንዳውያን እየተዋሰ ያነብ ነበር። ከነዚህም መካከል መንጎ ፓርክ ወደ አፍሪካ ያደረገው ጉዞና አሌክሳንደር ሁምቦልት ወደ ደቡብ አሜሪካ ያደረገው ጉዞ የተጻፈባቸው መጻሕፍት ነበሩ። ማታ አምሽቶ እንዳያነብ ስለ ተከለከለ፥ አባቱ በማለዳ መነሣት እንደሚችል በፈቀደለት ጊዜ ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት መነሣት ጀመረ። በዚያ ብርድ እሳት አንድዶ ማንበብ ስለማይቻለው ወደ ምድር ቤት ወርዶ በገዛ እጁ ከእንጨት ሰዓትና ልዩ ልዩ መኪና ይሠራ ነበር። ከሠራቸውም መካከል በተወሰነ ሰዓት ተዘንብሎ የተኛውን ሰው በእግሩ የሚያቆም አልጋ ይገኝበታል።

በ1860 ዓ.ም. እነዚህን ሥራዎቹን ተሸክሞ ወደ ማዲሰን ከተማ ሄደና በግዛቱ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ። ሰዎችም እጅግ አደነቁት። ከዚያም ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪና የመሬት ጥናት ተማረ። የዕፀዋትን ትምህርት የጀመረለት ግን አንድ የትምህርት ጓደኛው ነው፤ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ከነበረ ዛፍ አበባ ቆርጦ ይህ ትልቅ ዛፍ ከአተር ጋር ዘመድ መሆኑን አስረዳው። ጆን ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሜዳው ዕፀዋት ይሰበስብ ጀመር። ዲግሪ ሳይቀበልም በ1863 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲውን ተወ።

ከዚህ በኋላ በፋብሪካ ሲሠራ ሳለ ሕይወቱን የለወጠ አደጋ ደረሰበት። በማርች 1867 ዓ.ም. በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የመኪና ቀበቶ ሲያስተካክል ይዞት የነበረው ሞረድ አዳልጦት ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ወዲያውም ሁለተኛው ዓይኑ አብሮ ጨለመ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ተኝቶ ሳለ ፍጥረትን ዳግመኛ ሳላይ ልቀር ነው ብሎ አዘነ። ብርሃኑ በተመለሰለት ጊዜ ግን የሰው እጅ የሠራውን መኪና ትቶ ቀሪ ዕድሜውን የእግዚአብሔርን ሥራ በመመልከት ሊያሳልፍ ወሰነ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከኬንታኪ ተነሥቶ እስከ ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ድረስ 1,000 ማይል ያህል በእግሩ ተጓዘ። ኬንታኪ ኦዱቦን በ1813 ዓ.ም. የርግቦቹን ታላቅ መንጋ ያየበት አገር ነው። ስለዚህ ያ የደንባር ተማሪ በንባብ መጽሐፉ ባነበበው ምድር ላይ በእግሩ ሄደ ማለት ነው። በፍሎሪዳ የወባ በሽታ ጥሎት ለሞት ከቀረበ በኋላ ተሽሎት በማርች 1868 ዓ.ም. በመርከብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰ። ከከተማይቱም ሳይውል ሳያድር ወጥቶ ወደ ዮሰሚቲ ሸለቆ ጉዞ ጀመረ።

ዮሰሚቲ በካሊፎርኒያ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች መካከል የሚገኝ፥ ግድግዳው ቀጥ ያለ አለት የሆነ፥ ፏፏቴዎች ከከፍታ የሚወርዱበት ሸለቆ ነው። ጆን ሚዩር በ1869 ዓ.ም. በጋ በዚህ ተራራ ላይ የበግ እረኞች ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ሁለት ሺህ የሚሆኑ በጎች ያን የአበባ ሜዳ ከሥሩ እየነጩ አራቁተው ሲያልፉ አየ። ይህን ባየ ጊዜ የንባብ መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል፥ ያ በልጅነቱ ያለፈው ክፍል፥ መገለጥ ጀመረለት። ቀጥሎም በሸለቆው በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠረ፤ ይሰነጥቅ የነበረው ግን ነፋስ የጣላቸውን ዛፎች እንጂ የቆመ ዛፍ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት ሸለቆው የተፈጠረው መሬቱ በድንገት ሰምጦ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ዲግሪ የሌለው ሚዩር ግን ለብዙ ዓመታት አለቱን በእጁ እየዳሰሰ መርምሮ፥ ሸለቆውን የቀረጸው በዝግታ የሚንቀሳቀስ የበረዶ ግግር ነው አለ። ሊቃውንቱ እረኛ ነው ብለው ናቁት። እርሱ ግን በ1871 ዓ.ም. በተራራው ራስ ላይ ያልጠፋ የበረዶ ግግር አገኘ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንጨት ተክሎበት መንቀሳቀሱን ለክቶ አስረዳ። በኋላ የመጣው ምርምርም በረዶው ለሸለቆው መቀረጽ ዋና ምክንያት መሆኑን አረጋገጠ።

በ1880 ዓ.ም. ሉዊ ስትሬንትዘል የምትባል ሴት አግብቶ በማርቲኔዝ ከተማ አጠገብ የፍራፍሬ እርሻ ይዞ ተቀመጠ፤ ዋንዳና ሄለን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለደ። እርሻው ገንዘብ አስገኘለት፤ ጤናው ግን እየደከመ ሄደ። ሚስቱም ነገሩን ተረድታ ወደ ተራራውና ወደ ጽሕፈቱ እንዲመለስ መከረችው። ከባለቤቱ ምክር የሚበልጥ የትኛውም መድኃኒት ባልረዳው ነበር።

በ1889 ዓ.ም. የአንድ ትልቅ መጽሔት አዘጋጅ የሆነው ሮበርት አንደርውድ ጆንሰን ከሚዩር ጋር ወደ ተራራው ወጣ። በሸለቆው ዙሪያ ያለው ደጋ በበጎች ተግጦና ዛፉ ተቆርጦ ባየ ጊዜ፥ ሚዩር ስለዚህ ነገር በመጽሔቱ እንዲጽፍ አጥብቆ ለመነው። ሚዩርም በ1890 ዓ.ም. ሁለት ጽሑፎች ጻፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን በሸለቆው ዙሪያ ያለው ምድር ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ሕግ ወጣ። በልጅነቱ አንድ ገጽ ንባብ ልቡን የለወጠው ሰው፥ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ በጻፋቸው ጥቂት ገጾች የብዙ ሰዎችን ልብ ለወጠ። ከሁለት ዓመት በኋላም ከወዳጆቹ ጋር ሴራ ክለብ የተባለውን ማኅበር አቋቁሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ፕሬዚደንት ሆነ።

በሜይ 1903 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚደንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ወደ ዮሰሚቲ መጥቶ ከሚዩር ጋር ሦስት ሌሊት በደን ውስጥ አደረ። አንደኛውን ሌሊት በረዶ ጥሎባቸው ነበር። ሚዩር አንድን የአገር መሪ ብቻውን ማግኘቱ ታላቅ ዕድል መሆኑን ዐውቆ ስለ ደኖቹ ጥፋት ሳያቋርጥ ነገረው። በ1906 ዓ.ም. ሸለቆው ራሱ ከካሊፎርኒያ ግዛት እጅ ወጥቶ ከብሔራዊው ፓርክ ጋር ተቀላቀለ። ሩዝቬልትም በሥልጣን ዘመኑ አምስት ብሔራዊ ፓርኮችና 150 ብሔራዊ ደኖች እንዲከለሉ አደረገ።

ይሁን እንጂ የሰውን መልካም ሥራ ብቻ እየመረጡ መጻፍ እውነተኛ ታሪክ አይደለም። ሚዩር በወጣትነቱ ስለ አገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች፥ ስለ ሕንዶቹ፥ እንዲሁም ስለ ጥቁሮች የሚያዋርድ ነገር ጽፏል። ዮሰሚቲንም ሰው ያልነካው ምድር አድርጎ ሲያይ፥ በ1851 ዓ.ም. በጦር ኃይል ከዚያ የተባረሩት ሕዝቦች ከጥንት ጀምረው ይኖሩበት እንደ ነበረ በሚገባ አላሰበበትም። እርሱ ያቋቋመው ማኅበር ራሱ በ2020 ዓ.ም. ይህን ጥፋት በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ ከሚዩር ሕይወት ስንማር ምድርን መውደድ በምድሩ ላይ የሚኖረውን ሰው ከማክበር መለየት እንደሌለበት ጭምር መማር ይገባናል።

የመጨረሻው ትግሉ በሽንፈት ተፈጸመ። በ1906 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ከጠፋች በኋላ ከተማይቱ ውኃ አጥብቃ ፈለገች። ለዚህም በብሔራዊው ፓርክ ውስጥ ያለው፥ የዮሰሚቲ መንትያ የሚመስለው የሄች ሄቺ ሸለቆ ተገድቦ ሐይቅ እንዲሆን ተጠየቀ። ሚዩር ውኃው ከሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። ነገር ግን ዲሴምበር 19 ቀን 1913 ዓ.ም. ፕሬዚደንት ዊልሰን በሕጉ ላይ ፈረመና ሸለቆው ለግድብ ተሰጠ። ዛሬ ከዚያ የሚመጣውን ውኃ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ይጠጣዋል፤ ስለዚህ የከተማይቱ ጥያቄ ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። ሆኖም የሚዩርን ክርክር የሰሙ ብዙ ሰዎች ብሔራዊ ፓርኮች ጠባቂ እንደሚያስፈልጋቸው ተረዱ። በ1916 ዓ.ም. ፓርኮቹን የሚያስተዳድር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

ሸለቆው በተወሰደበት በዚያው በ1913 ዓ.ም. ሚዩር የልጅነቱን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም ውስጥ ስልሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ያን የንባብ መጽሐፍ፥ ጭልፊቱን፥ ንስሩንና ርግቦቹን ሳይረሳ ተረከ። መንጎ ፓርክን በወጣትነቱ ያነበበው ይህ ሰው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1911 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በሰባ ሦስት ዓመቱ ወደ ደቡብ አሜሪካና ወደ አፍሪካ ተጉዞ ነበር። ያየው ዘንድ ሲመኘው የኖረውን የባኦባብ ዛፍም በአፍሪካ ምድር አገኘው። በልጅነት የተነበበ መጽሐፍ ስንት ዘመን እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ ምን ምስክር ይገኛል?

ነገር ግን የርግቦቹ ነገር በዚያ ጊዜ ወደ ፍጻሜው ደርሶ ነበር። በሰው ልጅ መሣሪያና በደኑ መመንጠር ምክንያት ተጓዥ ርግብ ከዱር ጠፍታለች። በሲንሲናቲ ከተማ በአራዊት ማቆያ ውስጥ ማርታ የምትባል አንዲት ርግብ ብቻ ቀርታ ነበር፤ እርሷም ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ሞተች። በቢሊዮን ይቆጠሩ ከነበሩት ወፎች አንዲት እንኳ አልተረፈችም። ጆን ሚዩርም በሳንባ ምች ታሞ በሎስ አንጀለስ ከተማ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 24 ቀን፥ በሰባ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ። አንባቢውና የተነበበላት ወፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እንግዲህ በእጃችን ያለውን የንባብ መጽሐፍ እንደ ቀላል ነገር አንመልከተው። ያን ገጽ ለስኮትላንድ ልጆች የመረጠው ሰው፥ ከሚያነቡት መካከል አንዱ ተራራና ደን እንደሚያስከልልበት ሊያስብ አይችልም ነበር። መምህራኖቻችንም ዛሬ በክፍል የሚያስነብቡን ገጽ በማን ልብ ውስጥ እንደሚበቅል አያውቁም። ወላጆቻችን ለልጆቻቸው መጽሐፍ በሚገዙበት ጊዜ ለአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ምናልባት ለሰባ ዓመት የሚሆን ስንቅ እንደሚገዙ ይገንዘቡት።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ የበለጠ ነገር አለብን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርካችን በ1978 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የገባው ከዮሰሚቲ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነው። ዋልያው፥ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው በዚያ ተራራ ላይ ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚህ እኛ ስለነርሱ በምናነብበት ጊዜ ገጹ ገና አልተዘጋም። ጆን ሚዩር የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል በተረዳበት ጊዜ ለርግቦቹ አልደረሰላቸውም፤ ለደኖቹ ግን ደረሰላቸው። እኛ ሁለቱንም ክፍል በአንድ ጊዜ ብናነብ፥ ማለት ድንቁንም ጥፋቱንም ገና በተማሪነታችን ብንገነዘብ፥ ከልጅ ልጆቻችን መካከል አንዱ መጽሐፍ ገልጦ ስለ ዋልያ ሲያነብ፥ ቀና ብሎ ወደ ተራራው ቢሄድ ሊያየው ይችላል።